የራስ ማዞርና የሚዛን መታወክ ተሐድሶ ሥልጠና፦ ስለ ትምህርቱ አሰጣጥና ስለ ምዘናው የቀረበ ሂስ

ለአንድ ሙያ የሚዘጋጅ ሥርዓተ ትምህርት በሁለት ጥያቄዎች ሊመዘን ይችላል። አንደኛው ሠልጣኙ ምን ያውቃል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ያወቀውን በእጁ ሊሠራው ይችላል ወይ የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ በጽሑፍ ፈተና ስለሚመለስና ወረቀቱንም ማረም ስለሚቀል፣ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ተድበስብሶ ያልፋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የራስ ማዞርና የሚዛን መታወክ የደረሰባቸውን ሕሙማን መልሰው እንዲያቋቁሙ የሚሰጣቸው ሥልጠና፣ ይህ መድበስበስ ምን እንደሚያስከትል ጎልቶ ከሚታይባቸው ዘርፎች አንዱ ነው። ሥልጠናው ይበልጥ የተደራጀውና ብዙ የተጻፈበት በአሜሪካ በመሆኑ፣ የዚህ ጽሑፍ ትችት በአብዛኛው በዚያ አገር አሠራር ላይ ያተኩራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ለመሄድ ከሦስት ወገን መልእክት ይደርሰዋል፤ ይኸውም ከዓይን፣ ከውስጥ እግርና ከመገጣጠሚያዎች፣ እንዲሁም ከውስጥ ጆሮ ነው። በእያንዳንዱ የውስጥ ጆሮ ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮችና ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ይገኛሉ። ቦዮቹ የራስን መዞር፣ ከረጢቶቹ ደግሞ የራስን ማዘንበልና ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድን ይለያሉ። ራስ ወደ ቀኝ ሲዞር ዓይን በዚያው ቅጽበት ወደ ግራ እንዲዞር በማድረግ፣ የሚታየው ነገር እንዳይደበዝዝ የሚጠብቀው ይኸው አካል ነው። ጤነኛ ሰው ይህን አገልግሎት ልብ አይለውም። ሲጎድልበት ግን ኑሮው ምን እንደሚመስል በ1952 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ስማቸውን በሁለት ፊደላት ብቻ አመልክተው በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል። እኒህ ሐኪም በጉልበታቸው ላይ ለደረሰ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ሕመም ስትሬፕቶማይሲን ተሰጥቷቸው ሕመሙ ሲታከም፣ የሁለቱም ጆሮዎቻቸው የሚዛን አካል በመድኃኒቱ ተጎዳ። አልጋ ላይ ሆነው መጽሐፍ ሲያነቡ የገዛ ልባቸው ምት ፊደላቱን ያንቀጠቅጥባቸው ስለ ነበር፣ ራሳቸውን በአልጋው ራስጌ ብረቶች መካከል አስደግፈው ለማንበብ ተገደዋል። በመንገድ ሲሄዱም የተጻፈ ምልክት ለማንበብ መቆም ያስፈልጋቸው ነበር።

ይህ ከባዱ ጫፍ ነው። በሌላው ጫፍ ላይ የሚገኘው ደግሞ እጅግ የተለመደውና እጅግ በቀላሉ የሚድነው የማዞር ዓይነት ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያሉ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ጥቃቅን ጠጠሮች ከቦታቸው ተላቀው ወደ አንዱ ቦይ ሲገቡ፣ ሕመምተኛው በአልጋ ላይ ሲገላበጥ ወይም ከመደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ ቀና ሲል ዓለም በሙሉ ይዞርበታል። ማዞሩ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ቢቆይም በዚያች ደቂቃ ውስጥ አንዲት አሮጊት ወድቀው ዳሌያቸው ሊሰበር ይችላል። የሠለጠነ እጅ ግን የሕመምተኛውን ራስ በሥርዓት ከአንዱ አቅጣጫ ወደ ሌላው እያዞረ ጠጠሮቹን ወደመጡበት ይመልሳቸዋል። ሥራው የሚፈጀው ደቂቃዎችን ብቻ ነው፤ መሣሪያም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አልጋ ብቻ ነው። እንግዲህ ይህን ሊሠራ የሚችል ባለሙያ አጠገቧ እያለ አንዲት ሕመምተኛ ለወራት ክኒን እየዋጠች ከአልጋ እንዳትነሣ ብትመከር፣ ጉድለቱ የእውቀት ማነስ ሳይሆን የትምህርት አሰጣጥ ጉድለት ይሆናል።

እውቀቱ ከየት ተነሥቶ ወዴት ዘገየ

የዚህ ዘርፍ እውቀት የተጀመረው ከሕመምተኛ አቤቱታ ነው። በቪየና የጆሮ ሐኪም የነበሩት ሮበርት ባራኒ የሕሙማንን ጆሮ በውኃ ሲያጥቡ፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ ሕሙማኑ እንደሚያዞራቸው ይነግሯቸው ነበር። ውኃው ሲሞቅም ማዞሩ አልቀረም፤ የዓይን እንቅስቃሴው አቅጣጫ ግን ተገለበጠ። ባራኒ ይህን ተከትለው ያገኙት ውጤት የ1914ን የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል፤ ሽልማቱ ሲሰጣቸው በሩሲያ የጦር ምርኮኛ ነበሩ። በ1921 ደግሞ በአቀማመጥ ለውጥ የሚቀሰቀሰውን ማዞር ገለጹ። በ1952 ማርጋሬት ዲክስና ቻርልስ ሃልፓይክ በለንደን ይህንን ማዞር የሚለየውን ምርመራ በዝርዝር አስቀመጡ። ሕመምተኛው አልጋ ላይ ተቀምጦ ራሱን ወደ አንድ ወገን ካዞረ በኋላ በፍጥነት እንዲጋደም ይደረጋል፤ ራሱም ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይያዛል፤ መርማሪው ዓይኑን ይመለከታል። ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ዓይን በዝግታ ተንሸራቶ በፍጥነት የሚመለስበት፣ ሐኪሞች ኒስታግመስ የሚሉት እንቅስቃሴ ከታየና ብዙም ሳይቆይ ከበረደ ምክንያቱ ታውቋል ማለት ነው።

ሕመሙን የሚለየው ምርመራ በ1952 ቢታወቅም፣ ጠጠሩን የሚመልሰውን የእጅ ሥራ በኦሪገን ፖርትላንድ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ጆን ኤፕሊ በመጽሔት አሳትመው ያወጡት በ1992 ነው። በመካከሉ 40 ዓመት አልፏል። ለዚህ አንዱ ምክንያት የሳይንሱ አዝጋሚነት ነው፤ ጠጠሩ በቦዩ ፈሳሽ ውስጥ እንደሚንሳፈፍ የተገለጸው በ1979 ነበርና። ከ1992 በኋላ የታየው መዘግየት ግን ለሳይንሱ ሊሰጥ አይችልም። የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች የአሜሪካ አካዳሚ በጉዳዩ ላይ የአሠራር መመሪያ ያወጣው በ2008 ሲሆን በ2017 አሻሽሎታል። የተሻሻለው መመሪያ ለዚህ ሕመም ማዞር የሚያስታግሱ መድኃኒቶችን እንደ ዘወትር ሕክምና ማዘዝ እንደማይገባና የራስ ፎቶግራፍ በዘፈቀደ ማንሣት እንደማያስፈልግ ያስገነዝባል፤ ከሕክምናው በኋላም ሕመምተኛው ቀና ብሎ እንዲተኛ ማዘዝ አስፈላጊ አለመሆኑን ይገልጻል። በመመሪያ መልክ ለሐኪሞች ይህን ሁሉ ደጋግሞ መንገር ማስፈለጉ ራሱ፣ ነገሩ በመደበኛው ትምህርት ውስጥ በሚገባ ሳይሰርጽ መቅረቱን ያመለክታል።

የዚህም መነሻ የትምህርት ክፍሎች አከፋፈል ይመስላል። የፊዚዮቴራፒ ሥርዓተ ትምህርት እንደ ልማዱ በአጥንትና በጡንቻ፣ በነርቭ፣ በልብና በሳንባ ይከፈላል። ማዞር ግን ወሰን አያውቅም። ጆሮው የጆሮ ሐኪም ነው፤ ዓይኑ የዓይን ሐኪም ነው፤ የአንጎሉ ግንድ የነርቭ ሐኪም ነው፤ አንገቱ ደግሞ የአጥንት ክፍል ነው። ለአራት የተከፈለ መሬት አጥሩን የሚያጥረው እንደማይገኝ ሁሉ፣ በአራት ክፍሎች መካከል የተቀመጠ ርእስም ኃላፊ አያገኝም። ተማሪው ስለ ግማሽ ክብ ቦዮች በአካል ጥናት ክፍለ ጊዜ ሥዕል አይቶ ይፈተናል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ መውደቅ በአረጋውያን እንክብካቤ ክፍለ ጊዜ ይማራል፤ ሁለቱን የሚያገናኝለት መምህር ግን ካላገኘ ሥዕሉ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞች የሥነ ልቡና ትምህርትንና የማስተማር ልምምድን በተለያየ ዓመት ሲሰጡ የሚደርስባቸው ችግር ከዚህ ብዙም አይለይም።

የልምምድ ወረቀቱ ጉዳይ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በለንደን የጆሮ ሐኪሙ ቴረንስ ኮውቶርንና ባልደረባቸው ኩክሲ ራሳቸውን የተመቱና በጆሮ ቀዶ ሕክምና ምክንያት ሚዛናቸው የታወከ ሕሙማንን ሲከታተሉ፣ ተኝተው ከሚቆዩት ይልቅ ቶሎ የሚንቀሳቀሱት ቶሎ እንደሚሻላቸው ተገነዘቡ። ስለሆነም ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ልምምድ አዘጋጁ። ሕመምተኛው በመጀመሪያ አልጋ ላይ ሆኖ ዓይኑን ብቻ፣ ቀጥሎ ራሱን ያንቀሳቅሳል፤ ኋላም ተቀምጦ፣ ቆሞ፣ ኳስ ከእጅ ወደ እጅ እየወረወረ፣ በመጨረሻም ደረጃ እየወጣና እየወረደ፣ ዓይኑንም ጨፍኖ እየተራመደ ይለማመዳል። ልምምዱ በተቻለ መጠን በቡድን ይደረግ ነበር፤ ሕሙማኑ እርስ በርስ እንዲበረታቱ ታስቦ ነው። ይህም በጊዜው እጅግ የላቀ አስተሳሰብ ነበር። የሚያዞረውን ሰው «ተኛ» ማለትን ትቶ «ተነሥተህ ተንቀሳቀስ» ማለት ድፍረትን ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ ከለንደን ወጥቶ በየአገሩ የተሠራጨው የቡድኑ መንፈስ ወይም የአሠልጣኙ ዓይን ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ልምምዶቹ በዝርዝር የተጻፉበት አንድ ገጽ እየተባዛ ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ ሲተላለፍ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። መምህር የተለየው የመማሪያ መጽሐፍ ምን እንደሚሆን ማንም አስተማሪ ያውቀዋል። ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ የአንደኛው ሕመምተኛ ጉዳት በአንድ ጆሮ፣ የሌላው በሁለቱም፣ የሦስተኛው ደግሞ በአንጎል ውስጥ መሆኑን አይለይም። ከዚህም በላይ የመጀመሪያዎቹን መልመጃዎች ያለ መሸጋገሪያ የሚደጋግም ሕመምተኛ ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል። ምክንያቱም አንጎል ጉድለቱን ማካካስ የሚማረው ከስሕተቱ ነው። ራስ ሲዞር ዓይን ካልተከተለ የሚታየው ምስል በዓይን ውስጥ ይንሸራተታል፤ ይህ መንሸራተት ለአንጎል የተላከ የስሕተት ምልክት ስለሆነ አንጎል ሥራውን ያርማል። ራስ ሳይንቀሳቀስ ዓይን ብቻ ሲንቀሳቀስ ግን ስሕተቱ አይፈጠርም፤ ስሕተት ከሌለም ትምህርት የለም። የአሜሪካ የነርቭ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በ2016 ያወጡትና በ2022 ያሻሻሉት መመሪያ የዓይን እንቅስቃሴ ልምምድን ለብቻው መስጠት እንደማይገባ በጥብቅ የሚመክረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይኸው መመሪያ ስለ መጠኑም ይናገራል። ጉዳቱ አዲስ ለሆነበት ሰው ዓይንን የሚያረጋ ልምምድ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በድምሩ ከ12 ደቂቃ ያላነሰ፤ ለቆየበት ሰው ደግሞ በቀን በድምሩ ከ20 ደቂቃ ያላነሰ እንዲሰጥ ይመክራል። ልምምዱ ራሱ እጅግ ቀላል ነው። በካርቶን ላይ የተጻፈ አንድ ፊደል በክንድ ርቀት ይያዛል፤ ሕመምተኛው ፊደሉን አጥርቶ እያየ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል። አስቸጋሪው ነገር ፍጥነቱን መወሰን ነው። ፊደሉ ፍጹም ጥርት ብሎ ከታየ ልምምዱ ቀላል ነው፤ ከደበዘዘ ከባድ ነው፤ ሊደበዝዝ በሚጀምርበት ወሰን ላይ መቆየት ይገባል። ይህን ወሰን ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ በየሳምንቱ የሚያገኘው ባለሙያው ነው እንጂ ወረቀቱ አይደለም። ለተማሪ የሚሰጥ ጥያቄ እጅግ ከቀለለ አያስተምርም፣ እጅግ ከከበደም ያስቆርጣል የሚለው የማስተማር ሥነ ዘዴ መርሕ በሌላ መልክ የቀረበ መሆኑን አንባቢው ይገነዘባል።

ብቃትን መሠረት ያደረገው ኮርስ

በአሜሪካ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት በአሁኑ ጊዜ በዶክትሬት ደረጃ የሚሰጥ ሲሆን፣ ተመራቂው ለሥራ ፈቃድ የሚቀመጥበት ብሔራዊ ፈተና በኮምፒዩተር የሚሰጥ የምርጫ ፈተና ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ በየራሳቸው ተግባራዊ ፈተና ቢሰጡም በመላው አገር አንድ ወጥ የሆነው መመዘኛ ከአራት መልሶች አንዱን መምረጥ ነው። ስለዚህ አንድ ተመራቂ የዲክስንና የሃልፓይክን ምርመራ ስም፣ የቦዩን አቅጣጫና የኒስታግመሱን ዓይነት በትክክል መርጦ፣ ነገር ግን አንድም ጊዜ የሚያዞረው ሰው ራስ በእጁ ሳይዝ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተደረጉት ጥረቶች ዋናው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የሱዛን ኸርድማን ሥራ ነው። በ1994 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውና በየጊዜው እየተሻሻለ የወጣው መጽሐፋቸው የሐኪሙንና የፊዚዮቴራፒስቱን እውቀት በአንድ ጥራዝ ያገናኘ ነው። በአትላንታ ከሚገኘው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተያይዞ የተቋቋመው ኮርስም ከስሙ ጀምሮ ብቃትን መሠረት ያደረገ ነው። ተሳታፊው ንግግር አድምጦ የምስክር ወረቀት ይዞ አይሄድም፤ በጽሑፍም በተግባርም ተፈትኖ ማለፍ ይኖርበታል። ለሥራ ላይ ሥልጠና ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። በስብሰባ አዳራሽ መገኘትን እንደ መማር የሚቆጥር አሠራር በብዙ ሙያዎችና በብዙ አገሮች የተለመደ በመሆኑ፣ የማይሠራውን የሚጥል ኮርስ መኖሩ ብቻ ሊመሰገን ይገባል።

ሆኖም ሦስት ነገሮች ሊነቀፉ ይገባል፤ ሦስቱም እኩል ክብደት የላቸውም። ቀላሉ የጊዜው ማጠር ነው፤ ጥቂት ቀናት ሙያን አያስይዙም የሚለው ትችት ለማንኛውም አጭር ኮርስ ሊሰነዘር ስለሚችል ብዙ አያነጋግርም። ከዚያ የሚከብደው ፈቃደኝነቱ ነው። ከምረቃ በኋላ በገዛ ገንዘብ ወይም በአሠሪ ድጋፍ የሚወሰድ ኮርስ የሚደርሰው ቀድሞውንም ፍላጎት ላለው፣ በከተማና በትልቅ ሆስፒታል ለሚሠራ ባለሙያ ነው። ሩቅ ቦታ የሚሠራውና ስለ ጉዳዩ ብዙም የማያውቀው ባለሙያ፣ ማለትም ኮርሱ ይበልጥ የሚያስፈልገው፣ የማያውቀውን ነገር ፈልጎ አይመጣም።

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ ተግባራዊ ፈተናው የሚካሄድበት ራስ የማን እንደሆነ ነው። በእንዲህ ዓይነት ኮርሶች ሠልጣኞች በአመዛኙ እርስ በርሳቸው ይለማመዳሉ። ጤነኛ ባልደረባ በአልጋ ላይ ሲጋደም አያዞረውም፤ ዓይኑም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሠልጣኙ የእጁን አቀማመጥና የማዕዘኑን ልክ ይማራል፤ የምርመራው ፍሬ ነገር የሆነውን የዓይን እንቅስቃሴ ግን አያይም። ይህ ማለት ተማሪው ማንበብን ባዶ ገጽ በመግለጥ ይፈተናል እንደማለት ነው። ከዚህም ሌላ እውነተኛው ሕመምተኛ ማዞሩ ሲነሣበት ዓይኑን ይጨፍናል፣ የባለሙያውን ክንድ ጨምድዶ ይይዛል፣ «በቃ፣ አንሡኝ» ይላል፣ አንዳንዴም ያስመልሰዋል። በዚያች ቅጽበት ዓይኑን እንዲገልጥ በእርጋታ አሳምኖ ሥራውን እስከ መጨረሻው የሚያደርስና በፍርሃት መካከል አቋርጦ የሚያነሣ ባለሙያ በተግባራዊ ፈተናው እኩል ነጥብ አግኝተው ሊሆን ይችላል። ለሕመምተኛው ግን አንደኛው መድኃኒት ሲሰጠው ሌላኛው ፍርሃት ብቻ ጨምሮለታል፤ ዳግመኛም ላይመጣ ይችላል።

ለዚህ መፍትሔው ውድ አይደለም። የሕሙማን ዓይን ሲንቀሳቀስ የተቀረጸ ፊልም ለሠልጣኝ ደጋግሞ ማሳየትና ትክክለኛውን ከሐሰተኛው እንዲለይ መፈተን ይቻላል። ዓይን አንድ ነገር ላይ ሲያተኩር ከውስጥ ጆሮ የሚመጣው ኒስታግመስ ስለሚቀንስ፣ ይህን ማተኮር የሚከለክሉ የፍሬንዝል መነጽሮች ወይም በጨለማ የሚያነሣ ካሜራ ያለበት ክፍል ውስጥ ሠልጣኙ ጥቂት እውነተኛ ሕሙማንን በአስተማሪ ቁጥጥር ሥር ቢያይ ከብዙ ገጽ ንባብ የበለጠ ይጠቅመዋል። የምስክር ወረቀቱም በኮርሱ መጨረሻ ቀን ከመሰጠት ይልቅ፣ ሠልጣኙ በሥራ ቦታው የተወሰኑ ሕሙማንን አክሞ ውጤቱን ለአሠልጣኙ ካቀረበ በኋላ ቢሰጥ የበለጠ ይታመናል።

ለአጭር ሥልጠና የሚቀርበው መከራከሪያ

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ጠንካራ ማስረጃ መኖሩን አለመጥቀስ ለአንባቢ ታማኝ አለመሆን ነው። በ2004 በእንግሊዝ ሉሲ ያርድሊና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት፣ ለረጅም ጊዜ ማዞር የነበረባቸውን 170 ሕሙማን ለሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን በአጠቃላይ ሐኪሞች ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ ነርሶች ልምምዱን እንዲያስተምሩ አድርጓል። ነርሶቹ ያገኙት ሥልጠና አጭር ነበር፤ ሕመምተኛውንም ያገኙት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ መጽሔት መሰል መምሪያ ሰጥተው በስልክ ተከታትለዋል። ከተማሩት 67 በመቶ መሻሻሉን ሲገልጹ፣ በተለመደው እንክብካቤ ከቆዩት ይህን ያሉት 38 በመቶ ብቻ ናቸው። ታዲያ ነርስ በአጭር ሥልጠና ይህን ያህል ከሠራች የፊዚዮቴራፒስቱን ጥልቅ ሥልጠና ምን አስፈለገው የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው።

መልሱ ሕሙማኑን በመለየት ላይ ነው። በጥናቱ የገቡት ሕሙማን ችግራቸው የቆየ ነበር፤ የሐኪም እጅም ነክቷቸዋል። ትላንት ማታ ድንገት የጀመረውን ማዞር ግን መለየት ሌላ ነገር ነው፤ ከመካከላቸው የአንጎል ደም ሥር መዘጋት የደረሰበት ሊኖር ይችላልና። በ2009 ካታህና ባልደረቦቻቸው በሦስት የአልጋ ዳር ምርመራዎች የአንጎል ጉዳትን ከጆሮ ጉዳት መለየት እንደሚቻልና ይህም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሚነሣው የማግኔት ምስል የበለጠ እንደሚታመን አሳይተዋል። ከሦስቱ አንዱ ሃልማጊና ከርቶይስ በ1988 የገለጹት የራስን ድንገተኛ መዞር የሚጠቀም ምርመራ ነው። ነገር ግን ያ ውጤት የተገኘው በዓይንና በነርቭ ሕክምና በጠለቁ ሐኪሞች ዓይን ነው፤ ያልሠለጠነ ዓይን ተመሳሳይ ውጤት አያገኝም። ስለዚህ የያርድሊ ጥናት የሚያስተምረው ሥልጠናው ሁሉ ይጠር ማለትን ሳይሆን፣ የትኛው ክፍል በአጭር ሥልጠና ለብዙዎች ሊታደል እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል መለየትን ነው። ጠጠሩን የሚመልሰው የእጅ ሥራና የአደጋ ምልክቶችን አውቆ ሕመምተኛን በፍጥነት ወደ ሐኪም መላክ የማንኛውም የፊዚዮቴራፒ ተመራቂ ግዴታ ሊሆን ይገባዋል፤ ከምረቃ በኋላ የሚጠበቅ ትርፍ ነገር ሊሆን አይገባም። የሁለት ጆሮ ጉዳት፣ የአንጎል ጉዳትና ከፍርሃት ጋር የተቆራኘ ማዞር ደግሞ ለረጅሙ ሥልጠና ሊተዉ ይችላሉ። በአሁኑ አሠራር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሦስቱ ጋር ተጠቅልለው በአንድ አማራጭ ኮርስ ውስጥ መግባታቸው ትልቁ የዕቅድ ስሕተት ነው።

ስለ ወጪ የሚነሣው ሥጋትም ከልክ ያለፈ ነው። በ1986 ሹምዌይ ኩክና ሆራክ ሚዛንን የሚመረምሩበት ዘዴ ሲያቀርቡ የተጠቀሙት ስፖንጅና ራስ ላይ የሚደፋ የወረቀት ፋኖስ ነበር። ስፖንጁ የውስጥ እግርን መልእክት ያዛባል፤ ፋኖሱ የዓይንን መልእክት ያዛባል፤ ሕመምተኛው በጆሮው ብቻ መቆም መቻሉ ይታያል። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች 35 በመቶ፣ ማለትም 69 ሚሊዮን ያህሉ፣ የሚዛን ጉድለት እንዳለባቸው በ2009 የታተመው ብዙ የሚጠቀሰው ጥናት የተመሠረተው በዚሁ ዓይነት በስፖንጅ ላይ ዓይንን ጨፍኖ የመቆም ምርመራ ነው። በእርግጥ ስፖንጅ ላይ መቆም ያቃተው ሁሉ የጆሮ ሕመምተኛ ስላልሆነ ቁጥሩን እንደወረደ መቀበል አይገባም። ዘዴው ግን ለማንኛውም ማሠልጠኛ ተቋም በቅርብ የሚገኝ ነው፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለሚሠለጥኑት የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎችም ቢሆን ስፖንጅና ፊደል የተጻፈበት ካርቶን የሚያስቸግር መርጃ መሣሪያ አይደለም።

ለመምህራን የቀረበው ጉዳይ

ይህ ሥልጠና ስለ አረጋውያን ብቻ የሚመስላቸው አንባቢዎች ይኖራሉ። ሆኖም መስማት ከተሳናቸው ልጆች መካከል በርካቶቹ የሚዛን አካላቸውም የተጎዳ ነው፤ የመስሚያውና የሚዛኑ አካል በአንድ አጥንት ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚገኙ አንድ ጉዳት ሁለቱንም ይመታል። በተለይ ማጅራት ገትር ይህን ያደርጋል፤ ኢትዮጵያም ከሴኔጋል ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ትገኛለች። እንደ ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶችም የሚዛኑን አካል ይጎዳሉ። እንዲህ ያሉ ልጆች ራሳቸውን ቀና ማድረግና መሄድ ይዘገያሉ። ይሁን እንጂ መስማት መሳኑ ጎልቶ ስለሚታይ ሁለተኛው ጉዳት ይሸፈናል፤ ልጁ «ደካማ» ወይም «ፈሪ» ተብሎ ከሩጫና ከኳስ ጨዋታ ወደ ዳር ይቀመጣል። በዚህም መልመድ የሚያስፈልገው ልጅ ከልምምዱ ይርቃል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሮዝ ማሪ ራይንና ባልደረቦቻቸው በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ መስማት ከመሳን ጋር የሚዛን ጉዳት ያለባቸው ልጆች ሚዛንን የሚያጠነክር ልምምድ ሲሰጣቸው እየባሰ ይሄድ የነበረው የእንቅስቃሴ እድገት መዘግየት መቆሙን አሳይተዋል። ይህን ልምምድ የሚመራው ባለሙያ ነው፤ ልጁን በመጀመሪያ የሚያየው ግን መምህሩ ነው። በቀን ብርሃን ደልዳላ መሬት ላይ ደኅና የሚሄድ፣ ሲመሽ ወይም አሸዋ ላይ ሲሆን የሚንገዳገድ፣ ፊቱን ሲታጠብ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ፊት የሚደፋ ልጅ ካለ መምህሩ አንድ ነገር ሊሞክር ይችላል፤ ይኸውም በአንድ እግሩ እንዲቆም በመጀመሪያ ዓይኑን ገልጦ፣ ቀጥሎም ጨፍኖ መጠየቅ ነው። እኩዮቹ ሲቆሙ እሱ ወዲያውኑ የሚወድቅ ከሆነ ወደ ጤና ባለሙያ ሊላክ ይገባዋል። ሙከራው በሚደረግበት ጊዜ መምህሩ እጆቹን ዘርግቶ ከልጁ አጠገብ መቆም አለበት፤ እንዲህ ያለ ልጅ ሲወድቅ አወዳደቁ ድንገተኛ ነው።